ከሕፃናት ጋራ ወደ ሕንዳውያን ማዕድ፤ በሲንጋፖር ለሚሰነብት ቤተ ሰብ የተጻፈ መምሪያ

በአንዲት ጠባብ ደሴት ላይ ቻይናዊው፣ መላዩ፣ ሕንዳዊውና ከየአህጉሩ የፈለሰው ሕዝብ ሁሉ በየቋንቋው እየተነጋገረ፣ በየሃይማኖቱ እየጸለየና በየአባቱ ሥርዐት እያበሰለ ጎን ለጎን ሲኖር ለልጆቹ ማሳየት የሚሻ ቤተ ሰብ፣ ከሲንጋፖር የበለጠ ምቹ ከተማ በቀላሉ አያገኝም። ከተማይቱ አራት የመንግሥት ቋንቋዎች አሏት፤ ከነዚያም አንዱ የደቡብ ሕንድ ሰዎች የሚናገሩት ታሚልኛ ነው። ሕንዳውያኑ ከነዋሪው ከመቶ ዘጠኝ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የማዕዳቸው መዓዛ ግን ከቁጥራቸው አልፎ ከተማውን ሁሉ የሚያዳርስ ስለ ሆነ፣ ቻይናዊው ፕራታ በሚሉት ቂጣ ቁርሱን ሲበላ፣ መላዩም ቢርያኒ በሚሉት የሩዝ መብል ምሳውን ሲያደርግ ማየት የተለመደ ነው።

አዋቂ ሰው አዲስ መብል የሚቀምሰው ለማወቅ ሲል ነው፤ ሕፃን ግን ካላመነ አይቀምስም። ስለዚህ ልጅ ይዞ ወደ ባዕድ ማዕድ ለሚቀርብ ወላጅ ትልቁ ጥበብ፣ ሕፃኑን በሚያውቀው ጣዕም በር አስገብቶ ወደማያውቀው እልፍኝ ቀስ እያሉ መምራት ነው። ለኢትዮጵያዊ ሕፃን ይህ በር ከብዙ ሌሎች አገሮች ልጆች ይልቅ የሰፋ ነው፤ ሊጥ ቦክቶ በምጣድ ሲጋገር፣ ምስርና ክክ በእርድ ሲበስል፣ ቤተ ሰብ ሁሉ እጁን ታጥቦ በቀኝ እጁ ሲመገብ ገና ጡት ሳይጥል ጀምሮ አይቶታልና። ከዚህ በታች የተጻፈው የአካሄድ ቅደም ተከተል በሙሉ የቆመው በዚህ አሳብ ላይ ነው። የተጠቀሱት ዘመናትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አስቀድሞ በቤት የሚሰናዳ

ጉዞው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ከጓዳዎ እርድ፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ዝንጅብል በየትንንሽ ሳሕኑ ቆንጠር ቆንጠር አድርገው ያቅርቡና፣ ልጆቹ ዐይናቸውን ጨፍነው እያሸተቱ ስማቸውን እንዲለዩ ያድርጉ። እነዚህ ሁሉ በሕንዳውያን ጓዳም የሚገኙ ናቸውና፣ ልጁ በሩቅ አገር ገበያ መካከል ቆሞ በዐይኑ ያላወቀውን በአፍንጫው ያውቀዋል፤ በእናቱ ጓዳ የነበረውን መዓዛ በባዕድ አገር ያገኘ ሕፃን ደግሞ ፍርሀቱ ግማሹ ይወገድለታል። በሌላም ቀን ምስር ክክ በእርድና በዝንጅብል ያለ በርበሬ አልጫ አድርገው ከነጭ ሩዝ ጋራ ያብሉት፤ ሕንዳውያን ዳል ብለው የሚያቀርቡት መብል ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

ልጁ ለውዝ፣ ወተት፣ እንቁላል ወይም ሌላ መብል የማይስማማው ከሆነ፣ ይህንኑ በእንግሊዝኛ አጠር አድርገው በወረቀት ጽፈው በኪስዎ ይያዙ። ይህን ነገር በቸልታ ማለፍ አይገባም፤ በሰሜን ሕንድ ወጦች ውስጥ ካሹ የሚባለው ለውዝ ልሞ ተፈጭቶ ከመረቁ ጋራ ስለሚዋሐድ በዐይን ሊታይ አይችልም፤ ከአትክልትና ከተጠበሱ ነገሮች ጋራ የሚቀርበው ሮጃክ የሚሉት መብል ማጥቀሻም ብዙ ጊዜ ኦቾሎኒ አያጣም። አሳላፊውን በቃል መጠየቅ መልካም ነው፤ ወረቀቱን ግን ወደ ወጥ ቤት ይዞት ሊገባ ይችላል።

ስለ ቀኑና ስለ ሰዓቱ

የሲንጋፖር ሰዓት ከአዲስ አበባ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ በዚያ እኩለ ቀን ሲሆን የልጅዎ ሆድ ገና ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ በሲንጋፖር የማለዳ ቁርስ በሚበላበት ሰዓትም የእርሱ ሰውነት በድቅድቅ ሌሊት ውስጥ እንደ ተኛ ይቆጥራል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ልጁ በጧት እንዲበላ ማስገደድ ከንቱ ድካም ነው። ይልቁንስ እስኪነቃ ተኝቶ፣ ፍራፍሬ ቢጤ ቀምሶ፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ ወደ ደቡብ ሕንዳውያን ምግብ ቤት ቢወሰድ፣ ለአገሬው ምሳ ለእርሱ ግን ቁርስ የሆነውን መብል በደስታ ይበላል፤ ኢድሊና ዶሳ የሚባሉት የቦካ ሊጥ መብሎች በነዚህ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከጧት እስከ ማታ አይጠፉምና። ከዱባይ ወይም ከሌላው የባሕረ ሰላጤ አገር የሚነሣ ቤተ ሰብ ልዩነቱ አራት ሰዓት ወይም አምስት ይሆንበታል፤ መድኀኒቱም ያው ነው።

ከተማይቱ ከምድር ወገብ በአንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ አየሩም ርጥብ ነው፤ ዝናቡም ሳይታሰብ ይወርዳል። የደጋ ልጅ ይህን ሙቀት ቶሎ አይለምደውም፤ በሙቀት የደከመ ሕፃን ደግሞ ከመብል ይልቅ ውኃና እንቅልፍ ነው የሚሻው። ስለዚህ በአንድ ቀን አንድ አዲስ ማዕድ ይበቃል። በሦስት ሰዓት ውስጥ አምስት ምግብ ቤት ለማዳረስ ልጆቻቸውን እየጎተቱ የሚሯሯጡ መንገደኞችን ባየሁ ጊዜ፣ ሰዎቹ የሚሰበስቡት ጣዕም ነው ወይስ ፎቶግራፍ እያልሁ እጠይቃለሁ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሊትል ኢንዲያ የሚባለው የሕንዳውያኑ ሠፈር ሳምንቱን በግንባታ ሥራ ሲደክሙ በሰነበቱ የሕንድና የባንግላዴሽ ሠራተኞች ይሞላል። የዕረፍት ቀናቸው ነውና መሰብሰባቸው የተገባ ነው፤ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ሰው ግን መተላለፊያ አይገኝምና ሌላ ቀን ይምረጡ። በጥቅምት ወይም በኅዳር ወር የሚውለው የሂንዱዎች የዲፓቫሊ በዓል ሲቃረብ በዚሁ ሠፈር ያለው የሴራንጉን ጎዳና ከዳር እስከ ዳር በመብራት ያሸበርቃል፤ ይህን በምሽት ለልጆች ማሳየት ትልቅ ደስታ ነው። በበዓሉ ዕለት ግን አንዳንድ ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አደራረስ

ወደ ሠፈሩ የሚወስደው ባቡር ከመሬት በታች ይሄዳል፤ የሚወርዱበትም ጣቢያ በሠፈሩ ስም ሊትል ኢንዲያ ይባላል። ቁመቱ ከዘጠና ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሕፃን ከወላጁ ጋራ ያለ ክፍያ ይሳፈራል፤ ጋሪ ለያዘም ሊፍት አለ። በባቡሩና በጣቢያው ውስጥ መብላትና መጠጣት በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ቅጣቱም እስከ 500 የሲንጋፖር ዶላር ስለሚደርስ፣ ልጁን ከመሳፈሩ በፊት ውኃ ያጠጡት፤ ብስኩቱንም ከቦርሳው ውስጥ ይደብቁት። ስለ ውኃው ካነሣን፣ የከተማይቱ የቧንቧ ውኃ ሳይፈላ የሚጠጣ ነውና ኮዳ ይዞ እየሞሉ መሄድ ይበቃል።

ከማዕዱ በፊት ገበያው

ከጣቢያው እንደ ወጡ ወደ ምግብ ቤት አይቸኩሉ። በአጠገቡ ቴካ ሴንተር የሚባለው፣ በ1982 የተሠራው ትልቅ የገበያ ቤት ይገኛል፤ ከምድር ቤቱ በአንደኛው ወገን ዓሣ፣ ሥጋና አትክልት ይሸጣል፣ በሌላው ወገን የበሰለ መብል የሚያቀርቡ ትንንሽ ሱቆች ተደርድረዋል፣ በፎቁም ላይ የሐር ጨርቅና የሕንድ ልብስ ይሸጣል። ሕፃኑን መጀመሪያ ወደ ዓሣውና ወደ በጉ ሥጋ ወገን አይውሰዱት፤ ሽታው ይከብዳል፣ ወለሉም ርጥብ ነው። ከአትክልቱ ይጀምሩ። በጉድጓድ ያደገ የሚመስል ረዥም ሥር፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቅል፣ ገና ከዛፉ የተቀነጠሰ የሚመስል የካሪ ቅጠል፣ በጥቅል የተቀመጠ የሙዝ ቅጠል ሲያይ ጥያቄው ይበዛል፤ ጥያቄው የበዛ ልጅም ጥቂት ቆይቶ መራቡ አይቀርም። በቤት ሲያሸት የነበረውን ቅመም ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ይዘዙት፤ ያገኘ ጊዜ የሚሰማው ኩራት ከየትኛውም ማባበያ ይበልጣል።

በገበያው ዙሪያ ባሉት መንገዶች የአበባ ጉንጉን የሚሠሩ ሰዎች ተቀምጠው ጽጌረዳና ነጭ መዓዛማ አበባ በክር ሲሰኩ ይታያሉ። እዚህ ላይ ልጆችን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አበባው ለሂንዱዎች መቅደስ የሚቀርብ መባ ስለ ሆነ፣ ሰው ያሸተተው አበባ ለመባ አይበቃም የሚል ሥርዐት አላቸውና፣ ልጁ አፍንጫውን ሊያስጠጋ ወይም በእጁ ሊነካ አይገባም። ለቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ጧፍና ዕጣን በከንቱ እንደማይነካ የተማረ ልጅ ይህን ለመረዳት ረዥም ሐተታ አያሻውም።

በገበያው ቤት ካሉት ትንንሽ ሱቆች የበሰለ መብል ገዝቶ የመብላት ሥርዐት በከተማይቱ ሰዎች ዘንድ ሃውከር ይባላል፤ በ2020 ዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል። የራሱ የሆነ ልማድም አለው። ቦታው ሲጨናነቅ አስቀድሞ ጠረጴዛ መያዝ ይገባል፤ የአገሬው ሰው በጠረጴዛው ላይ አንዲት የሶፍት መሐረብ ጥቅል አስቀምጦ ይሄዳል፣ ሌላውም ያንን አይቶ አይቀመጥበትም። ልጅ ካለ ግን አንዱ ወላጅ ከልጆቹ ጋራ ተቀምጦ ሌላው ተሰልፎ ቢያመጣ ይሻላል። ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ሲጨርሱ ሳሕንና ትሪውን ወደ ተመደበለት ቦታ መመለስ ከ2021 ወዲህ በሕግ የታዘዘ ነው፤ ይህን ሥራ ለልጁ ይስጡት። ሻጮቹን ሲጠራም በዕድሜ የገፋውን ወንድ «አንክል»፣ ሴቲቱን «አንቲ» ይበል፤ በእኛ ዘንድ ጋሼና እትዬ እንደሚባለው፣ በዚያም ከተማ ቻይናዊውም ሆነ ሕንዳዊው በዚህ አጠራር ደስ ይለዋል።

የመጀመሪያው ማዕድ፤ ኢድሊና ዶሳ

የመጀመሪያው ቀን መብል የቦካው ሊጥ እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ። ሩዝና ኡራድ የሚሉት ከማሾ ወገን የሆነ ጥራጥሬ ለሰዓታት በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ልሞ ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ሲቦካ ያድራል፤ በነጋታውም በትንንሽ ጎድጓዳ ቅርጽ ተደርጎ በእንፋሎት ከበሰለ ኢድሊ፣ ቀጠን ተደርጎ በጋለ ምጣድ ላይ ከተጋገረ ዶሳ ይሆናል። ዶሳ በሲንጋፖር አፍ ቶሴ ይባላል። እንጀራን ያወቀ ምላስ ይህን ለስላሳ ጎምዛዛነት ወዲያው ያውቀዋል። ኢድሊ ደግሞ ነጭ፣ ለስላሳና የማያቃጥል ስለ ሆነ፣ የታሚል እናቶች ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ጭምር አፍርሰው የሚያጎርሱት ነው፤ ገና መብል የጀመረ ልጅ ያለው ሰው ከዚህ የተሻለ በሠፈሩ ውስጥ አይፈልግ።

ከፍ ላለው ልጅ ያለ ድንች የሚቀርበውን ዶሳ ይዘዙ፤ ከተቻለም ወረቀት መስሎ ስስ የሚጋገረውንና ከጠረጴዛው ጠርዝ የሚያልፈውን ዓይነት ይጠይቁ። ልጅ በቁመቱ ልክ የሆነ መብል ሲቀርብለት ፍርሀቱን ረስቶ ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላም ይቆርሳል። አብረው የሚመጡት ሳምባር የሚሉት የክክና የአትክልት ወጥና የተፈጨ ኮኮናት ማባያ ናቸው። ሳምባሩ ሮቃ ስለሚገባበት ጎምዘዝ ይላል፣ ጥቂትም ያቃጥላል፤ ኮኮናቱ ግን ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ከዶሳው ላይ አያፍስሱ፤ በየጎድጓዳ ሳሕናቸው ተቀምጠው ልጁ ራሱ እያጠቀሰ ልኩን ይወቅ። በሴራንጉን ጎዳና ላይ ከ1947 ጀምሮ ያለው ኮማላ ቪላስ የሚባለው ቤት በዚህ ዓይነት መብል የታወቀ ነው፤ በገበያው ቤት ያሉት ትንንሽ ሱቆችም በጣዕም አያንሱም።

ጾም ላይ ላለ አንባቢ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። በነዚህ ቤቶች በር ላይ ሥጋ እንደማይቀርብ የሚገልጽ ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሕንዳውያን ከሥጋ መታቀብ የእኛ ጾም አይደለም። እነርሱ ከሥጋ፣ ከዓሣና ብዙዎቹም ከእንቁላል ሲከለከሉ፣ ወተት፣ እርጎና ጊ የሚባለውን ንጥር ቅቤ ግን አይነቅፉም፤ እንዲያውም ያከብሩታል። ዶሳው በጊ ሊቀባ፣ ኮኮናቱ በእርጎ ሊታሽ፣ ሳምባሩም በጊ ሊቁላላ ይችላል። ስለዚህ «ያለ ጊ፣ ያለ እርጎ፣ በዘይት ብቻ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ይህ ከተነገረ የደቡብ ሕንድ ማዕድ ለጾመኛ ቤተ ሰብ በባዕድ አገር ሊያገኘው ከሚችለው ሁሉ የሚሰፋ ነው። ኢድሊ በሩዝ፣ በጥራጥሬና በውኃ ብቻ ስለሚሠራ ከሁሉ የበለጠ ያሳርፋል።

ሁለተኛው ማዕድ፤ ፕራታ

በማግስቱ ወይም ከዚያ ወዲያ ወደ ሕንዳውያን ሙስሊሞች ሱቅ ይሂዱ። ፕራታ የሚጋግረው ሰው በቅባት የታሸ የስንዴ ሊጥ ድብልብሉን ይወስድና በእጁ እየጠፈጠፈ፣ በአየር ላይ እያገላበጠ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ከዘረጋው በኋላ አጣጥፎ በጋለ ብረት ላይ ይጥለዋል። ልጆች ከዚህ ፊት ቆመው አይጠግቡም። ያለ ምንም ጭማሪ የሚጋገረው «ኮሶንግ» ይባላል፤ የከተማይቱ ልጆች ብዙ ጊዜ በስኳር እያጠቀሱ ይበሉታልና የእርስዎም ልጅ በዚሁ ይጀምር። አብሮ የሚመጣውን፣ ካሪ የሚሉትን የበግ ወይም የዓሣ ወጥ ጫፍ ጫፉን ብቻ እያስነካ ይሞክረው። ሻይም በዚህ ቦታ ትርኢት ነው፤ ሻይና የጣሳ ወተት ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ክንድ ሙሉ ከፍታ እየተንቆረቆረ አረፋ ያወጣል። ትርኢቱን ልጁ ይመልከት፤ ሻዩን እርስዎ ይጠጡ።

ከዚህ ዘመድ የሆነው ሙርተባ የሚባለው፣ በውስጡ የተከተፈ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ያለበት ነው። ይህን ለመቅመስ ወደ ካምፖንግ ግላም፣ ወደ መላዮችና ወደ ዐረቦች ጥንታዊ ሠፈር መሻገር ይገባል፤ በዚያ ከሡልጣን መስጊድ ፊት ለፊት ከ1908 ጀምሮ የሚሠራው ዛም ዛም ይገኛል። አንዱ ለሁለት ልጅ ይተርፋል። ሐላል የሚመገቡ አንባቢዎችም በነዚህ ቤቶች የምስክር ወረቀቱ ተሰቅሎ ያዩታል።

ሦስተኛው ማዕድ፤ የሙዝ ቅጠል

ይህን ማዕድ ልጆች ሠፈሩን እስኪለምዱ ድረስ ማቆየት ይበጃል፤ በሬስ ኮርስ ጎዳና ያሉት ምግብ ቤቶች የሚታወቁበት ይህ ነውና በዚያ ይፈልጉት። በሳሕን ፈንታ ሰፊ የሙዝ ቅጠል ይዘረጋል፤ ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር ያየ ልጅ በዚህ ብዙ አይደነቅም። ቀጥሎም አሳላፊው በባልዲ መሰል ዕቃ ሩዙን፣ ሁለት ሦስት ዓይነት የአትክልት ወጥ፣ ዳሉን፣ አቻር የሚሉትን ጎምዛዛ ማባያና ፓፓዳም የሚባለውን ስስ የተጠበሰ የጥራጥሬ ቂጣ እየዞረ ያቀርባል፤ ሩዙና አትክልቱ ሲያልቅም አብዛኛውን ጊዜ ይጨመራል። ስለዚህ ለትንሽ ልጅ ለብቻው ማዘዝ አያስፈልግም፤ ከእርስዎ ቅጠል ላይ ይብላ።

ከመቀመጥ በፊት ሁሉም ይታጠብ፤ እጅ መታጠቢያው በምግብ ቤቱ ውስጥ በግልጥ ይታያል። የሚበላው በቀኝ እጅ ነው። የእኛ ልጅ በእንጀራ ጠቅልሎ መብላት እንጂ ሩዝን በጣት ሰብስቦ መጉረስ አልለመደምና መጀመሪያ ይበተንበታል፤ ሩዙን ከዳሉ ጋራ ጥቂት አሽቶ፣ በጣቶቹ ጫፍ ሰብስቦ፣ በአውራ ጣቱ ወደ አፉ እንዲገፋው ያሳዩት። ማጉረስም በዚህ ማዕድ ላይ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም፤ በዙሪያዎ ያሉት እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን በእጃቸው ያጎርሳሉ። መጨረሻ ላይ ሩዙን በእርጎ ያሹለት፤ የታሚል ልጆች የሚያድጉበት፣ ሆድንም የሚያሳርፍ መብል ይህ ነው። ቁንዶ በርበሬና ሮቃ የበዛበትን ራሳም የሚሉትን ቀጭን መረቅ ግን ለአዋቂዎች ይተዉት።

በዚሁ ጎዳና ላይ የዓሣ ራስ ካሪ የሚባል መብል አለ፤ በከተማይቱ እንደሚተረከው ከኬራላ የመጣ አንድ ወጥ ሠሪ የቻይናውያኑን የዓሣ ራስ መውደድ አይቶ በሕንድ ቅመም ያበሰለው ነው፤ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ድስት ውስጥ የተገናኙበት መብል ስለ ሆነ የከተማይቱን ጠባይ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይገልጻል። ዐይን ያለው መብል አንዱን ልጅ ሲያስለቅስ ሌላውን ያስቃል፤ የልጅዎን ጠባይ የሚያውቁ እርስዎ ነዎትና ፍርዱን ለእርስዎ እተዋለሁ።

ሲጨርሱ ቅጠሉን ከላይ ወደ ራስዎ አጥፈው ይተዉት፤ መጥገብዎንና ማመስገንዎን የሚገልጽ ምልክት ነው። ይህን የመጨረሻ ሥራ ልጆች በሽሚያ ይሠሩታል።

ስለ ማቃጠልና ስለ ጣፋጭ

አሳላፊውን «ያቃጥላልን» ብለው ቢጠይቁት «አያቃጥልም» ይላል፤ እርሱ የሚለካው በራሱ ምላስ ነውና። እኛም ለእንግዳ በሚጥሚጣ ይህንኑ ስለምናደርግ አንፍረድበት። ማንኛውንም ወጥ አስቀድመው ራስዎ ይቅመሱ። ሕፃኑ ቢቃጠል ውኃ አይስጡት፤ የሚያቃጥለው ነገር በውኃ ስለማይሟሟ በአፉ ሁሉ ይሠራጭበታል። ወተት፣ እርጎ ወይም ላሲ የሚባለው የተመታ እርጎ ግን ያጠፋዋል፤ ጾም ከሆነ ነጭ ሩዝ ወይም ስኳር ያግዛል። ከሰሜን ሕንድ ወጦች በቲማቲምና በቅቤ የሚሠራው የዶሮ ወጥ፣ ከታንዱር ምድጃ ከሚወጣው ናን ከሚባለው ቂጣ ጋራ፣ ለልጅ ምላስ የሚገራ ነው። የተጠበሰ ድንችና ዶሮ ብቻ የሚያቀርበውን የልጆች ዝርዝር ግን ባይከፍቱት ደስ ይለኛል፤ ለዚያ ሲባል ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር።

ጣፋጭ ቸርቻሪው ዘንድ ሲደርሱ ልጁ ጀሌቢ የሚሉትን ጣፋጭ ሙሸበክ ነው ብሎ ቢጠራው አያርሙት፤ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ከወተት ተሠርቶ በሽሮፕ የሚነከረው ጉላብ ጃሙን እጅግ ስለሚጣፍጥ አንዱ ለሁለት ይበቃል።

በማዕድና በማዕድ መካከል

በሠፈሩ ውስጥ ለሚደረግ እግር ጉዞ ከሱቆቹ ፊት ያለው ጣራ ያለበት በረንዳ ከፀሐይም ከዝናብም ይጋርዳል። በ1900 የተሠራውንና በሮችና መስኮቶቹ በየቀለሙ የተዥጎረጎሩትን የታን ቴንግ ኒያን ቤት ልጆች ይወዱታል፤ ባለቤቱ በሕንዶች ሠፈር የሚኖር ቻይናዊ የጣፋጭ ነጋዴ ነበር። በካምቤል ሌን ያለው በ2015 የተከፈተው የሕንዳውያን ቅርስ ቤት ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የቀትሩን ሙቀት ለማሳለፍ ይጠቅማል። ወደ ሂንዱ መቅደስ ግቢ ለመግባት የሚሻ ጫማውን ያወልቅ፤ አብዛኞቹ መቅደሶች ከቀትር ጀምሮ እስከ ማታ መግቢያ ይዘጋሉ። ለአማልክቱ የቀረበ መብል ሲታደል ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው እጆቹን በደረቱ ላይ አጋጥሞ በፈገግታ ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ማንም አይቀየመውም፤ ይህንንም ለልጆች አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል።

ጊዜ ያለው ቤተ ሰብ በቶውነር ጎዳና ወዳለው የሲኮች ማእከላዊ ቤተ ጸሎት ይሂድ። በዚያ ላንጋር የሚባል፣ ሥጋ የሌለበት ማዕድ ዘር፣ ሃይማኖትና ማዕርግ ሳይለይ ለመጣው ሁሉ በነጻ ይቀርባል። ራስን በሻሽ መሸፈን፣ ጫማ ማውለቅና እጅ መታጠብ ግድ ነው። በደጀ ሰላም ጠበል ጸዲቅ የቀመሰ ልጅ የነገሩን ቁም ነገር ሳይነገረው ይረዳል። ለቀረበው ሁሉ «በቃኝ» እስካላሉ ድረስ ይጨመርልዎታል፤ የተሰጠውን ማስተረፍ ግን ነውር ስለ ሆነ ለልጆች በጥቂት በጥቂቱ ያስቀዱ። ምጽዋት መስጠት የሚሹ ከሆነ በአዳራሹ ውስጥ ባለው ሣጥን ይጨምሩ፤ ገንዘብ ለአስተናጋጁ አይሰጥም፤ ከፈለጉ ግን ሳሕን ማጠብ ወይም ሽንኩርት መላጥ ይችላሉ፤ ለትልልቆቹ ልጆችም ሥራ አይጠፋም።

ወደ አገር የሚመለስ ዕቃ

በመጨረሻው ቀን ወደ ቅመም መደብር ገብተው ልጁ ከቀመሳቸው መብሎች አንዱን መርጦ ለእርሱ የሚያስፈልገውን ራሱ እንዲገዛ ያድርጉ። ለሳምባር የተዘጋጀ ቅመም፣ የሰናፍጭ ፍሬ፣ ኡራድ ጥራጥሬና የታሸገ ሮቃ ከሻንጣ ጥግ አይበልጡም። እርድና ድንብላል ከእኛ ገበያም አይጠፋምና በእነርሱ ሻንጣ አያጣቡ። ርጥብ የካሪ ቅጠል ተክል ነውና በአውሮፕላን ማረፊያ ሊወሰድብዎ ይችላል፤ የደረቀውን ይምረጡ፤ ሁሉንም በፋብሪካ እንደ ታሸገ ይተዉት። ለኢድሊ የሚሆነው የብረት ቅርጽ ደግሞ በዚሁ ሠፈር በቀላሉ ይገኛል፤ ባለ አራት ጎድጓዳውን ይግዙ፣ ትልቁ በተለመደው ድስት ውስጥ አይገባም። የመጀመሪያውን ሊጥ ሲያዘጋጁ አዲስ አበባ ከሲንጋፖር ይልቅ ቀዝቃዛ መሆኗን አይዘንጉ፤ በዚያ በአንድ ሌሊት የሚቦካው በእኛ ቤት በምድጃ አጠገብ ካልተቀመጠ እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ሊቆይ ይችላል።